የሻጋታ ቀለሞችና የቆዳ እርሾ ፈንገሶች ሕክምና፦ ታሪካዊ ቅኝት ከፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ የምትገኘው የወረታ ከተማ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ የጉማራና የርብ ወንዞች በክረምት ከአፋቸው እየወጡ ያጥለቀልቁታል። ቀድሞ በከብቱና በወተቱ የታወቀው ይህ አካባቢ ከ1970ዎቹ ወዲህ የሩዝ አገር ሆኗል። ሩዝ ደግሞ በውኃ ውስጥ ቆመው የሚያርሙት ሰብል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።) ሙቀት፣ ላብና እርጥበት በተገናኙበት ቦታ ሁሉ የቆዳ ፈንገስ መኖሩ የሚጠበቅ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ በሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ ይዘምቱ በነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች እግር ላይ የተስፋፋው ጭርት በ1969 ታትሞ በወጣ ጥናት በሚገባ ተመዝግቧል።

ሕዝባችን የቆዳ በሽታዎችን ለይቶ የሚጠራበት መዝገበ ቃላት አለው። ጭርት፣ ቆረቆር፣ ፎረፎር፣ ቋቁቻ፣ ለምጽ እያለ ይለያቸዋል። ከእነዚህ መካከል ቋቁቻና ለምጽ በዋነኛነት የሚታወቁት በሚያስከትሉት የቀለም ለውጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ስለ ቀለም ማውሳት ሲሆን፣ በአንድ በኩል ፈንገስ በቆዳችን ላይ የሚያመጣውን የቀለም ለውጥ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ፈንገሶች ራሳቸው የሚያመርቷቸውን ቀለሞች ለቆዳ ሕክምና ለማዋል የተደረገውን ጥረት ታሪክ ይመለከታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሻጋታ ቀለም እርሾ መሰል ፈንገሶችን ለማከም ይውላል የሚል ተስፋ በተደጋጋሚ ሲጻፍ ይነበባል። ተስፋው ከየት እንደ መጣና እስከ የት እንደሚያደርስ ማወቁ ለጤና ባለሙያው ጠቃሚ ነው ብዬ አምናለሁ።

በአካባቢው የቆዳ ሕመም ሐኪም ከሩቅ ያስመጣበት ጊዜም ነበር። ታላቁ ኢያሱ እርሳቸውና ልጃቸው ለታመሙት የቆዳ ሕመም ባለመድኃኒት እንዲፈለግላቸው ወደ ካይሮ መልእክተኛ በላኩ ጊዜ፣ ቻርልስ ዣክ ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በስናር በኩል ተጉዞ በሐምሌ ወር 1699 ጎንደር ገባ። ሕክምናው እንደ ተሳካለትና በቆይታው ከፎገራ በስተ ሰሜን የምትገኘውን እንፍራዝን እንዳየ በጉዞ ማስታወሻው ጽፏል። በዚያን ዘመን ግን ፖንሴም ሆነ በመላው ኤውሮጳ የሚገኝ ሌላ ሐኪም የቆዳ በሽታ በፈንገስ ምክንያት ሊመጣ እንደሚችል የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። የቋቁቻ ምክንያት ፈንገስ መሆኑን ጀርመናዊው አይሽቴት የገለጸው ከአንድ መቶ አርባ ሰባት ዓመት በኋላ በ1846 ነው። በ1874 ፈረንሳዊው ማላሴ ክብ ክብ የሆኑትን የእርሾ ሕዋሳት በቆዳ ቅርፊት ውስጥ በዝርዝር ገለጸ፤ በ1889 ደግሞ ፈንገሱ በስሙ ማላሴዚያ ተባለ። በሽታው በሕክምና ቋንቋ የተሰጠው የላቲን ስም “ቀለሙን የሚለዋውጥ” የሚል ትርጉም ያለው መሆኑ፣ የእኛም ሆነ የኤውሮጳ ታማሚ በመጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን እንደ ነበር ያሳያል።

የፈንገሶቹም ስም ብዙ ጊዜ ከቀለማቸው የተወሰደ ነው። በአገራችን የተማሪ ሕፃናትን ራስ ቆረቆር ከሚያስይዙት ውስጥ ቀዳሚው ሆኖ በተለያዩ ጥናቶች የተገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም፣ ስሙን ያገኘው በላቦራቶሪ ሲያድግ ከሚያሳየው ወይን ጠጅ ቀለም ነው። ከቀለሞቹ አንዱ የሆነው ቫዮክሳንቲን በ1966 ከዚሁ ፈንገስ ተለይቶ ወጥቷል። በሽታ አምጪው ራሱ ቀለም ሠሪ ነው ማለት ነው።

ቀለምን በፈንገስ ላይ መቀባት ከዚህ ሁሉ የቀደመ ልማድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጭርትን ለማከም በኤውሮጳና በእስያ ይሠራበት የነበረው “የጎዋ ዱቄት” ከብራዚል ዛፍ የሚገኝ ቢጫ ዱቄት ነበር። ከእርሱ የወጣው ክራይሳሮቢን ለጭርትና ለሶሪያሲስ ብዙ ዓመት ሲታዘዝ ቆይቷል። ቆዳን ያቃጥላል፣ ልብስን ያበላሻል፣ ዓይን ከነካ ደግሞ ክፉኛ ይጎዳል፤ ያም ሆኖ ሐኪሞች አልተዉትም ነበር። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ መስሎ ሊታይ አይገባም። የክራይሳሮቢን የቅርብ ዘመድ የሆነው ክራይሶፋኖል፣ ከኢሞዲንና ከፊስዮን ጋር፣ በመቅመቆ ሥር ውስጥ ይገኛል። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ መልኩ ቢጫ እንዲሆን የሚጨምሩት ያው መቅመቆ ነው። ሥሩ ለእጅና ለእግር ማቅለሚያም ሲያገለግል ኖሯል። የፎገራ ቅቤና የቆዳ ሐኪሙ የጥንት ቅባት በአንድ የኬሚስትሪ ቤተሰብ መገናኘታቸው እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሰው ሠራሽ ቀለሞች ሲመጡም ይኸው መንገድ ቀጠለ። በ1912 አሜሪካዊው ቸርችማን ጀንሽን ቫዮሌት የተባለው ቀለም አንዳንድ ተዋሲያንን መርጦ እንደሚገድል አሳየ፤ ቆየት ብሎም ለአፍና ለቆዳ ካንዲዳ መድኃኒት ሆነ። በጤና ጣቢያዎቻችን “ጂ.ቪ.” እየተባለ የሚታወቀውን ሐምራዊ ፈሳሽ ያልቀባ የጤና ባለሙያ ይኖራል ብሎ ማሰብ ያዳግታል። ይሁን እንጂ በእንስሳት ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል በመታየቱ የካናዳ የጤና ባለሥልጣን በ2019 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል።

የተፈጥሮ የሻጋታ ቀለሞችን ታሪክ የሚያነሣ ሰው ሃሮልድ ሬይስትሪክን ሳይጠቅስ ሊያልፍ አይችልም። ይህ እንግሊዛዊ ባዮኬሚስት ሥራውን በሻጋታ ላይ የጀመረው በ1920ዎቹ በአንድ የፈንጂ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሆን፣ ከ1929 ጀምሮ በለንደን የንጽሕናና የሐሩር ክልል ሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆኖ አገልግሏል። በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሻጋታዎችን እያበቀለ የሚያመነጩትን ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለም አንድ በአንድ እየለየ መዘገበ። ጥረቱ በቅድሚያ ለመድኃኒት የታቀደ አልነበረም፤ ሻጋታ ከስኳር ምን ምን መሥራት እንደሚችል ለማወቅ ነበር።

ከእነዚህ ቀለሞች አንዱ በ1931 ከፔኒሲሊየም ሲትሪነም የተለየው ሲትሪኒን ነው። ደማቅ ቢጫ የሆነው ይህ ንጥረ ነገር ባክቴሪያን እንደሚገድል በ1941 ሲታወቅ ከፔኒሲሊን ቀጥሎ የሚመጣ መድኃኒት የተገኘ መስሎ ነበር። ዳሩ ግን ኩላሊትን የሚመርዝ ሆኖ ተገኘና ተስፋው ቀረ። ዛሬ ሲትሪኒን የሚታወቀው በመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ሳይሆን በምግብ መርዞች ዝርዝር ውስጥ ነው።

1939 ለዚሁ ላቦራቶሪ ልዩ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ሬይስትሪክና ባልደረቦቹ ከአስፐርጊለስ ግላውከስ ወገን ሻጋታዎች ፊስዮንን ለዩ። በመቅመቆ ውስጥ ያለው ያው ቢጫ ቀለም በሻጋታም ውስጥ ተገኘ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኦክስፎርድ፣ ሬይስትሪክና ሲሞናርት ከፔኒሲሊየም ግሪሲዮፉልቨም አንድ ቀለም የለሽ ንጥረ ነገር አውጥተው ግሪሲዮፉልቪን አሉት። ባክቴሪያን ስለማይገድል ማንም ትኩረት አልሰጠውም። በ1946 ብራያንና ባልደረቦቹ የሌሎችን ፈንገሶች ክር የሚያጠማዝዝ አንድ ንጥረ ነገር አገኙ፤ ያም ቆይቶ ግሪሲዮፉልቪን መሆኑ ታወቀ። በመጨረሻም በ1958 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ጄንትልስ ጭርት የያዛቸውን የጊኒ አሳማዎች በአፍ በሚሰጥ ግሪሲዮፉልቪን ፈወሰ። ወዲያውም በሰው ላይ ተሞክሮ ተሳካ። ከዚያ በፊት ቆረቆርን ለመፈወስ የሕፃኑን ፀጉር በኤክስሬይ ማርገፍ የተለመደ ሕክምና እንደ ነበረ ስናስታውስ የለውጡ ክብደት ይገባናል።

እንግዲህ ቀለሞችን ሲያሳድድ የኖረው ላቦራቶሪ ለቆዳ ሕክምና ያበረከተው ትልቁ ስጦታ ቀለም የለሹ ሆነ። ስጦታውም ገደብ ነበረው። ግሪሲዮፉልቪን የሚሠራው ዴርማቶፋይት በሚባሉት፣ ቆዳን፣ ፀጉርንና ጥፍርን በሚበሉት የክር ፈንገሶች ላይ ብቻ ነው። በካንዲዳና በማላሴዚያ ላይ አይሠራም። ስለሆነም ለቆረቆር የሚሰጠው ያው ኪኒን ለቋቁቻ ሲታዘዝ ታማሚው ለሳምንታት ገንዘቡን ከፍሎ ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። “የፈንገስ መድኃኒት” የሚለው የወል ስም ያመጣው ስሕተት ነው፤ በአንዳንድ ማዘዣዎች ላይም እስካሁን ይታያል። በነገራችን ላይ ግሪሲዮፉልቪን ወደ ደም በደንብ የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ስለሆነ፣ በወተትና በቅቤ አገር ለቆረቆር ስናዝዘው ይህን መናገር ይገባል። ጾም ላይ ላለ አዋቂ ደግሞ የኑግ ወይም ሌላ ዘይት ያለበት ምግብ አብሮ እንዲወስድ መምከር ይቻላል።

ለእርሾ መሰል ፈንገሶች መድኃኒት የተገኘው በሌላ በር ነው። ኤሊዛቤት ሄዝንና ሬቸል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች፣ አንዷ በኒው ዮርክ ከተማ ሌላዋ በኦልባኒ ሆነው የአፈር ናሙናና የላቦራቶሪ ውጤት በፖስታ እየተላላኩ፣ በ1950 ኒስታቲንን ይፋ አደረጉ። አፈሩ የተገኘው ከቨርጂኒያ፣ ኖርስ ከተባሉ የሄዝን ወዳጆች እርሻ ስለ ነበር ተዋሲው ስትሬፕቶማይሲስ ኖርሲ ተባለ። ጥቂት ቆይቶም ከቬኔዙዌላ አፈር ከተገኘ ሌላ ስትሬፕቶማይሲስ አምፎቴሪሲን ቢ ወጣ። ሁለቱም የባክቴሪያ እንጂ የሻጋታ ውጤቶች አይደሉም፤ ቀለም አላቸው ግን። ተከታታይ ጥንድ ትስስሮቻቸው ብርሃንን ስለሚውጡ አምፎቴሪሲን ቢ ደማቅ ቢጫ ነው።

ይህ ቢጫ መድኃኒት በፎገራ ዙሪያ ሌላ ታሪክ አለው። በ2005 በሊቦ ከምከምና በአጎራባች የፎገራ ቀበሌዎች ትኩሳት የያዛቸው፣ ሰውነታቸው የከሳና ሆዳቸው ያበጠ ታማሚዎች በዙ። መጀመሪያ የወባ ሕክምና ቢሰጣቸውም አልዳኑም። በሽታው ካላ-አዛር መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ቀድሞ የማይታወቅበት ደጋማ አካባቢ ስለ ነበር ብዙዎችን አስደነቀ፤ ለወቅታዊ እርሻ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ከሚደረገው ጉዞ ጋርም ተያይዟል። የበሽታው ጥገኛ ተዋሲ በሕዋስ ሽፋኑ ውስጥ እንደ ፈንገስ ኤርጎስቴሮል መሰል ስብ ስላለው፣ ለፈንገስ የተሠራው አምፎቴሪሲን ይገድለዋል። በስብ ቅንጣት የተጠቀለለው የመድኃኒቱ ዓይነት በብሔራዊ መመሪያው ለጠና ታማሚዎችና ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ለተዳበለባቸው የሚሰጥ ሆኗል።

ይህን ያነሣሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። ከካላ-አዛር የዳነ ሰው ከወራት በኋላ ፊቱና አካሉ ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ሊወጡበት ይችላሉ። ከሱዳን ይልቅ በአገራችን አነስ ብሎ ቢታይም፣ በተለይ ኤች.አይ.ቪ. ባለባቸው ላይ ያጋጥማል። ሥጋ ደዌም እንዲሁ በነጣ ምልክት ይጀምራል። ስለዚህ በወረታ ወይም በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ የነጣ ቆዳ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ “ቋቁቻ ነው” ብሎ ቅባት ሰጥቶ መሸኘት ሌሎቹን ሁለቱን ሊያሳልፍ ይችላል። ቋቁቻ ሲፋቅ ደቃቅ ቅርፊት ይሰጣል። ቅርፊቱ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ሥር በማይክሮስኮፕ ሲታይ አጫጭር ክሮችና ክብ ሕዋሳት ተቀላቅለው ይገኛሉ። የሥጋ ደዌ ምልክት ግን በጥጥ ሲነካ ስሜቱ የደነዘዘ ነው። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ጠርሙስ ፈሳሽና ጥቂት ጥጥ ነው።

ማላሴዚያ ቆዳን የሚያነጣው እንዴት ነው የሚለው ጥያቄም ራሱን የቻለ የቀለም ታሪክ ነው። በ1978 ናዛሮ-ፖሮና ፓሲ የተባሉ የጣሊያን ተመራማሪዎች፣ ፈንገሱ የቆዳን ስብ ሲያፈርስ የሚፈጠሩ አሲዶች ሜላኒን የሚሠራውን ኤንዛይም እንደሚገቱ ገለጹ። ከእነዚህ አንዱ አዜላይክ አሲድ ነው። ዛሬ ለብጉርና ለማድያት የሚታዘዝ ክሬም ሆኗል። ከቋቁቻ ምርምር የተገኘው መድኃኒት ለቋቁቻ ሳይሆን ለሌላ በሽታ መዋሉ የሚገርም ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ማላሴዚያ ትሪፕቶፋን ሲያገኝ ፒቲሪያሲትሪንን የመሰሉ ቢጫና ቡናማ ቀለሞችን እንደሚሠራ አሳዩ። አንዳንዶቹ የፀሐይን ጨረር ይውጣሉ።

አሁን ወደ ዘመኑ ተስፋ እንምጣ። ኢሞዲንን የመሳሰሉ የሻጋታ ቀለሞች በላቦራቶሪ የካንዲዳን ዕድገት እንደሚገቱ የሚያሳዩ ጽሑፎች አሉ። እነዚህን ስናነብ ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ የተሞከረው በየትኛው እርሾ ላይ ነው? አብዛኛው ሙከራ የሚደረገው በቀላሉ በሚያድገው በካንዲዳ አልቢካንስ ላይ ነው። ማላሴዚያ ግን ስብ ካላገኘ አያድግም፤ ለካንዲዳ በተዘጋጀው መደበኛ የመድኃኒት መፈተሻ ውስጥም አይበቅልም። እንግዲያውስ በካንዲዳ የተገኘን ውጤት አንሥቶ “የቆዳ እርሾ ፈንገስን ያድናል” ማለት ቋቁቻን ሳይነኩ ስለ ቋቁቻ መናገር ነው። ሌላው ደግሞ በሳህን ላይ የተገኘ ውጤት በቆዳ ላይ የተገኘ አለመሆኑ ነው። የአገራችን ተመራማሪዎች እንዶድ ዴርማቶፋይቶችን በላቦራቶሪ እንደሚገታ በ2005 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ሲያሳትሙ፣ በርዕሱ ላይ ሳይቀር ሙከራው የላቦራቶሪ መሆኑን ለይተው ጽፈዋል። ይህ ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነው።

ፎገራ የሩዝ አገር በመሆኑ አንድ ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። ቻይናውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ሞናስከስ የተባለውን ሻጋታ በሩዝ ላይ እያበቀሉ ቀይ ሩዝ ይሠራሉ፤ ቀለሙ ለምግብ ማቅለሚያ ያገለግላል። የጅግና ሩዝ ለዚህ ቢውልስ የሚል ሰው ቢኖር ሐሳቡ ለኢንዱስትሪ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ይህ ሻጋታ ያመነጨዋል የተባለ አንድ ፀረ-ባክቴሪያ ንጥረ ነገር በ1995 ሲመረመር ያው ሲትሪኒን ሆኖ ተገኝቷል። ሬይስትሪክ ከስድሳ ዓመት በፊት የለየው የኩላሊት መርዝ በሌላ ስም ተመልሶ መጣ። “ተፈጥሯዊ” የሚለው ቃል ለደኅንነት ዋስትና አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። በዛፍ ላይ እንደ ጺም ከሚንጠለጠለው የድንጋይ ሽበት መሰል ተክል የሚገኘው ቢጫው አስኒክ አሲድም በቅባት መልክ ሲሠራበት ቢኖርም፣ ለክብደት መቀነሻ በአፍ በተወሰደ ጊዜ ጉበትን ጎድቶ በ2001 በአሜሪካ ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚስበኝ የብርሃኑ መንገድ ነው። በ1900 ሙኒክ ውስጥ ኦስካር ራብ የተባለ የሕክምና ተማሪ አክሪዲን የተባለ ቀለም ጥቃቅን ነፍሳትን የሚገድለው ብርሃን ሲያርፍበት መሆኑን አሳተመ። በቅርብ ዓመታት በኦስትሪያ የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእንጉዳይ የሚገኙ አንትራኪኖን ቀለሞችን በዚሁ መንገድ እየፈተኑ ነው። እዚህ ላይ ቀለሙ የመድኃኒቱ ጌጥ ሳይሆን ራሱ መድኃኒቱ ነው፤ ብርሃን የሚውጠው እርሱ ነውና። ሆኖም ሥራው ገና በላቦራቶሪ ደረጃ ያለ ነው።

እስከዚያው ድረስ ቋቁቻ የሚድነው በታወቁት መድኃኒቶች ነው። 2.5 በመቶ ሰሊኒየም ሰልፋይድ፣ የኬቶኮናዞል ሻምፑ ወይም ክሬም፣ ክሎትሪማዞል ይበቃሉ፤ ሰፊ አካል ከያዘ ፍሉኮናዞል ወይም ኢትራኮናዞል በአፍ ይሰጣል። የኬቶኮናዞል ኪኒን በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ከ2013 ወዲህ ለቆዳ ፈንገስ እንዳይሰጥ ተመክሯል። ተርቢናፊን በቅባት መልክ ይሠራል፤ በአፍ ሲሰጥ ግን ለቋቁቻ አይሠራም። ታማሚው ከአንድ ወር በኋላ ነጩ እንዳለ ነው ብሎ ቢመለስ ቆዳውን በጥፍር ፋቅ አድርጎ ማየት ነው። ቅርፊት ከሌለ ፈንገሱ ሞቷል፤ የቆዳው ቀለም ግን ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ብዙ ወራት ይፈጃልና መድኃኒት መጨመር አያስፈልግም።